ፊት አንባቢው ፊደል ይቁጠር

«ኮምፒዩተር የሰው ፊትና አኳኋን አይቶ ንቀትን ከአክብሮት ይለያል» ትላላችሁ። አንባቢ ከሆነ መጀመሪያ ፊደል ይቁጠር! የማንን ፊት አይቶ ተማረ?

በዮርዳኖስ ዋና ከተማ በአማን፣ አብዱን ሰፈር በቤት ሠራተኝነት የምትሠራ እህታችን ማዳሟ ስትቆጣት መሬት መሬቱን ታያለች። ባደገችበት ቤት የታላቅን ዐይን አፍጥጦ ማየት ድፍረት ነው። ማዳም ግን «ምን ደብቀሽ ነው?» ትላለች። «ገባሽ?» ስትባል ትንፋሿን ወደ ውስጥ ሳብ ታደርጋለች። ለእኛ አዎ ነው፤ ለማዳም ድንጋጤ። አንድ ጣሪያ ሥር እያደሩ ካልተግባቡ፣ ካሜራው በምን ይበልጣል?

«በሺህ የሚቆጠር ቪዲዮ አይቷል!» አይቶ ይሆናል። «ይህ ንቀት ነው፣ ይህ ፍርሃት ነው» ብሎ ምልክት ያደረገበት ግን ሰው ነው። ማሽኑ የቅንድብ መነሣትን፣ የአንገት መዘንበልን፣ የዝምታን ርዝመት ይለካል፤ ትርጉሙን የሚቀበለው ከዚያ ሰው ነው። ያ ሰው አማንን ካላወቀ፣ ምላሱን ጠቅ አድርጎ አገጩን ቀና ያደረገውን ዮርዳኖሳዊ «ተስማማ» ብሎ ይመዘግበዋል። ሰውየው እኮ እምቢ ብሏል! ፍንጃሉን ነቅነቅ ያደረገው እንግዳም «ቡና በቃኝ» ማለቱ ነው፤ ማን ይንገረው?

«የሥነ ልቦና ተመራማሪው ፖል ኤክማን በ1960ዎቹ ፓፑዋ ኒው ጊኒ ድረስ ሄዶ የስሜት ፊት በዓለም ሁሉ አንድ ነው ብሏል!» ብሏል። በ2019 ደግሞ የሥነ ልቦና ተመራማሪዋ ሊሳ ፌልድማን ባሬትና ባልደረቦቿ የተከማቸውን ጥናት መርምረው፣ የተናደደ ሁሉ አይኮሳተርም፣ የተኮሳተረም ሁሉ አልተናደደም ብለዋል። ቁጣን በቅጡ ያልለየ፣ ከቁጣ የረቀቀውን ንቀት ሊለይ?

«ራና ኤል ካሊዩቢስ? ካይሮ የተወለደች፣ አረቡን የምታውቅ!» ጎበዝ ናት፤ በ2009 ከተመራማሪዋ ሮዛሊንድ ፒካርድ ጋር ፊት አይቶ ስሜት የሚገምት ሶፍትዌር የሠራውን ኩባንያ አፌክቲቫን መሠረተች። መነሻዋም ኦቲዝም ያለባቸው ሰዎች የሌላውን ስሜት እንዲረዱ ማገዝ ነበር። ለዚህ አጨበጭባለሁ። ሰው ፈልጎ የሚይዘው መሣሪያና አሠሪ ከጣሪያ ላይ የሚሰቅለው ካሜራ ግን አንድ አይደሉም።

«ታዲያ ይከልከል?» አዎ፣ ከሥራ ቦታ ይከልከል! ማይክሮሶፍት በ2022 ከፊት ስሜት የሚገምተውን መሣሪያውን ከገበያ ማንሣቱን አስታወቀ። የአውሮፓ ኅብረት ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ለሕክምናና ለደኅንነት ካልሆነ በቀር በሥራ ቦታና በትምህርት ቤት ከልክሎታል። «እኛ አውሮፓ አይደለንም» እንዳትሉ፤ ዮርዳኖስ ራሷ በ2008 የቤት ሠራተኞችን ከሠራተኛ ሕጓ ሥር አስገብታለች። የአብዱን ወጥ ቤትም የሥራ ቦታ ነው።

«ቋንቋ ስለማንግባባ እኮ ነው ማሽን ያስፈለገን!» እሷማ የቤቱን አረብኛ ለምዳዋለች። ማዳምስ ከእሷ ስንት የአማርኛ ቃል ለመደች? ደመወዟ ሲዘገይ «ገንዘቤን ስጡኝ» የምትለው በአረብኛ ነው፤ ያንን ለመረዳት ካሜራ አያስፈልግም።