በእንግሊዝኛ ቅጽል ራስን የማዋረድ ዘዴ

የሥራ ማመልከቻ በእንግሊዝኛ ሊጽፉ ተቀምጠዋል እንበል። ስለ ግስ አይጨነቁ፤ ግስ ሁሉንም ሰው ስለሚያሳስት ማንም ልብ ብሎ አይስቅብዎትም። በአንዲት ቃል ስም ማትረፍ የሚፈልግ ወደ ቅጽል ይሂድ። ቋንቋው ከአንድ እናት የተወለዱ፣ መልካቸው አንድ፣ ጠባያቸው ለየቅል የሆኑ ቅጽሎች ሞልተውታል። እኔ በመጀመሪያ ማመልከቻዬ ለሰው አሳቢ መሆኔን ልናገር ብዬ «ኮንሲደሬት» በማለት ፈንታ «ኮንሲደረብል» ነኝ ብዬ ጻፍኩ። ግዙፍ ነኝ እንደማለት ነው። ያኔ ክብደቴ 50 ኪሎ አይሞላም ነበር።

የመጀመሪያው ደንብ ርዝመት ነው። ሁለት መንትያ ቃላት ሲገጥሙዎት ረዥሙን ያንሡ፤ ረዥም ቃል የተማረ ያስመስላል። «ሂስቶሪክ» እና «ሂስቶሪካል» ከአንድ የግሪክ ቃል የወጡ ናቸው፤ እኛም ሁለቱንም «ታሪካዊ» ብለን ስለተገላገልን ልዩነት ፍለጋ አይድከሙ። አጭሩ በታሪክ ትልቅ ስፍራ ላለው ነገር ነው፤ የ1888 ዓ.ም. የዓድዋ ድል እንዲያ ይባላል። ረዥሙ ግን ያለፈውን ዘመን የሚመለከተውን ሁሉ ያግበሰብሳል፤ በዚያ ዓመት የሽንኩርት ሒሳብ የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት ቢገኝ እሱም «ሂስቶሪካል» ነው። ድሉን ከብጣሹ ጋር አንድ መደብ ላይ ያስቀምጡት። የምጣኔ ሀብት አማካሪ ከሆኑም «ኢኮኖሚክ»ን ትተው «ኢኮኖሚካል» አማካሪ ነኝ ይበሉ። ሁለቱም «ኦይኮስ» ከሚለው የግሪክ ቃል፣ ማለትም ከቤት፣ የተነሡ ናቸው፤ ረዥሙ ግን ወጪ የማያበዛ ማለት ስለሆነ ቀጣሪው ደመወዝዎን ሲተምን አይቸገርም።

እኩል ሲረዝሙስ? «ኢንጂኒየስ» እና «ኢንጄንዩየስ» በእንግሊዝኛ ፊደል ሲጻፉ ዘጠኝ ዘጠኝ ሆነው በአንዲት ፊደል ብቻ ይለያያሉ፤ እዚህ ላይ ዓይንዎን ጨፍነው ይጠቁሙ። የመጀመሪያው አብሮ ከተወለደ ተሰጥዖ የመጣ ነው፤ ብልኀተኛ፣ ፈልሳፊ ማለት ነው። ሁለተኛውን ሮማውያን ባሪያ ሆኖ ላልተወለደ ሰው ይሉት ነበር። ከዚያ የከበረ፣ ቀጥሎ ግልጽና ቅን፣ በመጨረሻም የነገሩትን ሁሉ የሚያምን የዋህ ወደሚለው ወረደ። ይህን መንገድ የእኛው «ጨዋ» ያውቀዋል፦ በአንድ ወገን የደህና ቤት ልጅ፣ በሌላ ወገን በቤተ ክህነት አነጋገር ትምህርት ያልዘለቀው። አለቃዎን ስለ ብልኀታቸው ሲያመሰግኑ ታዲያ ሁለተኛውን ይጠቀሙ። መዝገበ ቃላት እስኪገልጡ ድረስ ይወዱዎታል።

ዜና የሚጽፉ ከሆነ ደግሞ «ኦፊሸስ» የተባለው ቃል ለእርስዎ ተቀምጧል። የአንድ ሚኒስትር ይፋዊ ጉብኝት «ኦፊሻል» ነው፤ እርስዎ «ኦፊሸስ» ቢሉት ሳይጠሩ ገብተው የሰው ሥራ ሲፈተፍቱ ዋሉ ማለት ይሆናል። በዲፕሎማቶች ዘንድ ይባስ ብሎ ይፋ ያልሆነ ማለት ነው፤ ማለትም ሊሉ የፈለጉት ግልባጭ። ሚኒስትሩ ቢቆጡ እ.ኤ.አ. በ1755 የወጣውን የሳሙኤል ጆንሰን መዝገበ ቃላት ይዘው ይቅረቡ። እዚያ የቃሉ መጀመሪያ ፍቺ ደግ፣ መልካም የሚያደርግ ነው። ዘሩ በላቲን ግዴታና አገልግሎት ነበር፤ ደግነቱ ሲበዛ ጣልቃ ገብነት ሆነ። ከሁለት መቶ ዓመት በላይ ዘግይተው መጡ እንጂ አልተሳሳቱም።

ስለ «ቪናል» እና «ቪኒያል» ብዙ አልልም። አንዱ ለሽያጭ የቀረበ፣ ጉቦ የሚገዛው፤ ሌላው ይቅር የሚባል ቀላል ኃጢአት። ጉቦ የበላ ዳኛ ጠበቃ ከሆኑ መለዋወጡ ያዋጣል።

ሲያዙ ምን ይላሉ? እንግሊዞቹን ራሳቸውን ምስክር ይጥሩ። ዛሬ አስተማሪዎች «ዲስኢንተረስትድ» በጉዳዩ ጥቅም የሌለው፣ የማያዳላ ነው፤ «አንኢንተረስትድ» ደግሞ ግድ የማይሰጠው ነው ብለው ይቆጣሉ። በ17ኛው መቶ ዘመን ብቅ ሲሉ ግን ነገሩ የተገላቢጦሽ ነበር፤ ሁለቱ ቃላት መንገድ ላይ ሥራ ተለዋወጡ። በእኔ ፍርድ ልዩነቱ ሊጠበቅ ይገባዋል፤ ችሎት ፊት የቆመ ሰው የማያዳላ ዳኛና የሚያንቀላፋ ዳኛ አንድ አይደሉበትም። እርስዎ ግን ምክር ፈልገው እንጂ ፍርድ ፈልገው አልመጡም።

የመጨረሻው ደንብ፦ «ኢን» በእንግሊዝኛ ቃል መነሻ ላይ ሲመጣ ሁልጊዜ አፍራሽ ነው ብለው ይመኑ። «ኢንቪዚብል» የማይታይ ከሆነ «ኢንፍላመብል» የማይቀጣጠል መሆን አለበት። አሳማኝ ነው፤ ከእርስዎ በፊትም ብዙ ሰው አምኖበታል። የላቲኑ «ኢንፍላማሬ» ግን እሳት መለኮስ ሲሆን «ኢን» እዚያ ውስጥ ማፍረሻ አይደለም። በአሜሪካ ብሔራዊ የእሳት መከላከያ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ሰዎች እንዳይሳሳቱ «ፍላመብል» በሚለው አጭር ቃል እንዲጠቀሙ ወተወተ። ረዥሙ ግን አልሞተም።

እስካሁን ያልኩትን ሁሉ ይሞክሩት። ይህን ደንብ ብቻ ለእኔ ይተዉልኝ። «ኢንፍላመብል» የሚል የተጻፈበት የነዳጅ ቦቴ አጠገብ ከቆሙ ክብሪት አይጫሩ። ይነዳል።