ከዲኪል ዘመድ ጋር ማኅበር ለመመሥረት

ወንድሜ፣ አትጨነቅ። አንተ ዱብቲ ነህ፤ የአጎትህ ልጅ ጋላፊን ተሻግሮ ጅቡቲ ውስጥ ዲኪል ነው። ፍየሎቻችሁን አንድ ላይ ሸጣችሁ ትርፉን እንደ አባል ልትካፈሉ አስባችኋል። መልካም ነው። ቀስ ብለን እንሄዳለን።

መጀመሪያ የአጎትህን ልጅ «የውጭ ዜጋ» ብለህ መጥራት ተለማመድ። ጠዋት፣ ሻይ ሳትጠጣ፣ ሦስት ጊዜ በለው። እናትህ ፊት ግን አትሞክረው።

ቀጥሎ የምሥራቹን ንገረው፤ ባለሀብት ሆኗል። በኢንቨስትመንት አዋጅ ቁጥር 1180/2012 መሠረት የውጭ ባለሀብት ብቻውን ከመጣ ቢያንስ 200 ሺህ ዶላር ይመድባል፤ ከአገር ውስጥ ባለሀብት ጋር ከተጣመረ 150 ሺህ ይበቃዋል። ካንተ ጋር በመዛመዱ ብቻ 50 ሺህ ዶላር ቀርቶለታል። ዝምድና እንዲህ ሲጠቅም እኔ አይቼ አላውቅም። ፍየሎቹን ቁጠሩ። ካልሞሉ ደግማችሁ ቁጠሩ።

አሁንም ካልሞሉ አይዞህ፣ ሕጉ ሩኅሩኅ ነው። አዋጅ ቁጥር 270/1994 ወላጁ፣ አያቱ ወይም ቅድመ አያቱ ኢትዮጵያዊ ለነበረ ሰው የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ ፈቅዷል። መታወቂያውን ካገኘ እንደ አገር ልጅ መዋዕለ ንዋዩን ያፈሳል። አያታችሁ አንድ ናቸው፤ ሥራው ግማሹ አለቀ ማለት ነው። የቀረው ማስረጃ ነው። ሽማግሌዎቹን ጠይቅ፤ አያታችን በየትኛው ዓመት በየትኛው አገር ነበሩ? «ዝናብ በጣለበት በኩል» ይሉሃል። አድራሻ በሚለው ክፍት ቦታ ላይ እንደዚያው ጻፈው። አሰብ ስላለው ሦስተኛው ዘመዳችሁ ለጊዜው አናንሣ።

ቀለል ያለም መንገድ አለ። አንተ በኅብረት ሥራ ማኅበራት አዋጅ 985/2009 ዱብቲ ላይ ማኅበር አቋቁም፤ እሱም በአገሩ ሕግ ያቋቁም። ከዚያ ተዋዋሉ። አንተ ላኪ ትሆናለህ፣ እሱ አስመጪ። ትርፍ ልትካፈሉ ነበር የተነሣችሁት፤ አሁን ግን ፍየልህን ትሸጥለታለህ። ዋጋ ላይ ጮክ ብላችሁ ተከራከሩ፣ ወንድማማችነታችሁ እንዳይጠረጠር። ሒሳቡን በጠዋት ሥሩ፤ የእሱ ፍራንክ በዶላር 177.721 ላይ ለአሥርት ዓመታት ቆሞ የኖረ ነው፣ ያንተ ብር ሐምሌ 22 ቀን 2016 ለገበያ ተለቋል።

አውሮፓ ውስጥ በሁለት አገር የሚኖሩ 5 ሰዎች 30 ሺህ ዩሮ ካሟሉ አንድ ማኅበር ያቆማሉ ሲሉህ አትቅና። እነሱ ሁለት ጊዜ ዓለምን ያዳረሰ ጦርነት ተዋግተዋል፤ ሕጉ ያስፈልጋቸዋል። እናንተ ተማምናችሁ ስለኖራችሁ አላስፈለጋችሁም።

ዳጉን፣ የመንገድ ላይ የወሬ ልውውጣችሁንም፣ አስተካክል። ሁለት ሰው መንገድ ላይ ሲገናኝ ግራር ጥላ ሥር ቁጢጥ ብሎ፣ ዱላውን ጉልበቱ ላይ አጋድሞ፣ ስለ ግጦሹ፣ ስለ ውኃው፣ ስለ ገበያው አንድ ሳያስቀር ይነጋገራል፤ የዋሸም ይታወቅበታል። ይህ ሁሉ ቃለ ጉባኤ የሌለው ስብሰባ ነው። በሦስት ቅጂ አስጽፈው፣ ማኅተም ይረፍበት።

ቢዘገይ አትማረር። አዋሽ ራሱ ያን ሁሉ መንገድ መጥቶ ድንበሩ ላይ፣ ስሙ አቤቱታ በሚመስለው አቤ ሐይቅ ይቆማል። ምናልባት አንድ ወረቀት ጎድሎት ይሆናል።

እስከዚያው ፍየሎቹ ወደ ዲኪል በኩል ለግጦሽ እንዳያልፉ ምከራቸው። በአፋርኛ ንገራቸው፤ የዲኪሎቹም ይሰሙሃል።