መሰላል የሚያስፈልገው መኪና

ጉድ ሳይሰማ መስከረም አይጠባም ይላል የአገሬ ሰው፤ ዘንድሮ ግን መስከረም ከጠባም በኋላ ጉዱ አላባራም። እናንት እንደ እኔ ጉልበታችሁ የከዳችሁ፣ ከወንበር ለመነሣት ሦስት ጊዜ «በስመ አብ» የምትሉ ወገኖቼ፣ እስቲ ስሙኝ። የልጅ ልጄ ሃይሉክስ ገዛ። ይግዛ፤ ማን ጠላ? ሩዝ ሸጦ ያገኘው የላቡ ነው። በገዛ በሳምንቱ ግን ከሥሩ ገብቶ አንድ ቡሎን እያጠበቀ፣ እያጠበቀ፣ መኪናውን እንደ ግመል አቆመው። ሐሙስ ገበያ ልወርድ ብወጣ የጋቢናው ወለል ደረቴ ላይ ደርሷል። መሰላል ተውሶ አቆመልኝና «አባባ፣ እጅዎን ይስጡኝ» አለኝ። እኔን! ሠላሳ ዓመት ላንድሮቨር የነዳሁትን!

ለምን ከፍ አደረግኸው ብለው፣ «ጉማራ ሲሞላ እንዳይውጠኝ ነው፤ ደግሞም ያምራል» አለኝ። ርብና ጉማራ ድሮም ክረምት በመጣ ቁጥር የፎገራን ሜዳ ባሕር ያደርጉታል። እኛ ግን መኪና አናስረዝምም ነበር፤ ውኃው እስኪጎድል እንጠብቃለን። አንድ ጊዜ ዘጠኝ ቀን ጠብቄያለሁ። ሰው ትዕግሥት ነበረው። የተሳፈሩት ሰዎች በአራተኛው ቀን ጥለውኝ በእግራቸው ሄዱ እንጂ፣ እኔስ ትዕግሥት ነበረኝ።

ሩዙም ቢሆን የቆየ ነገር አይምሰላችሁ። ፎገራ የላም አገር ነበር፤ የፎገራ ላም ሲባል ጎጃም ድረስ ስሟ የተጠራ፣ ወተቷ እንስራ የሚሞላ። በደርግ ጊዜ የሰሜን ኮሪያ ባለሙያዎች መጡና ሩዝ ዝሩ አሉ፤ ይኸው አሁን ሜዳው ሁሉ ሩዝ፣ ወሬው ሁሉ ሩዝ፣ እንጀራው እንኳ ጤፍ ከሩዝ ተደባልቆ ነው የሚጋገረው። ነጭ ነው፣ ለዓይን ያምራል፤ ቶሎ ይደርቃል። ምሳዬን አንድ ብቻ በላሁ። ሁለተኛውን የበላሁት ወጡ እንዳይተርፍ ብዬ ነው።

ወደ ብረቱ ልመለስ። በእኛ ጊዜ መኪና የሚቆመው በባሌስትራ ነበር፤ ቅጠል በቅጠል የተደራረበ፣ የሚታይ፣ የሚቆጠር። የዘንድሮው ሃይሉክስ፣ ዘንድሮ ስላችሁ ከተሠራ ሃያ ዓመት አልፎታል አሉ፣ ለእኔ ዘንድሮ ነው፣ ከኋላ ባሌስትራ አለው። ከፊት ግን ቶርሽን ባር የሚሉትን ነገር አድርገውበታል። ረጅም ዱላ የመሰለ ብረት አንዱ በግራ፣ አንዱ በቀኝ ከሆዱ ሥር ተጋድሟል። ፊተኛው ጫፍ ጎማውን ከያዘው ክንድ ጋር ታስሯል፤ ኋለኛው ጫፍ ሻሲው ላይ ተቆልፏል። ጎማው ጉብታ ሲወጣ ክንዱ ብረቱን እንደ ታጠበ ጋቢ ይጠመዝዘዋል፤ ብረቱ ደግሞ እንቢ ብሎ ይመለሳል። እዚያ ኋለኛው ጫፍ ላይ አንድ ቡሎን አለ። ስታጠብቀው መኪናው ይነሣል፣ ስታላላው ይወርዳል። እንግዲህ ይታያችሁ፣ መኪና በቡሎን ሲነሣ! እኛ መኪና ከፍ እንዲልልን ከፈለግን ጭነት እናወርድ ነበር።

ልጁ ቡሎኑን ባጠበቀ ቁጥር ብረቱ የሚጠነክር መስሎታል። ብረት ስለጠመዘዙት አይጠነክርም፤ ጥንካሬው ከውፍረቱና ከርዝመቱ ነው፤ ቡሎኑ የሚለውጠው የቆመበትን ከፍታ ነው። ከፍ ባለ መጠን ደግሞ ጎማው ወደ ታች የሚዘረጋበት ቦታ ያጣል። ጉድጓድ ባየ ቁጥር ክንዱ ማቆሚያው ላስቲክ ላይ ቋ! ይላል። ከሐሙሲት ወረታ ቋ፣ ቋ፣ ቋ እያልን ስንሄድ መቋሚያ ይዤ ማኅሌት የቆምኩ መሰለኝ። ለፊት ጎማ ኃይል የሚያደርሰው ዘንግም ከልኩ በላይ ታጥፎ የጎማ ሽፋኑ ተተረተረ፤ ግራሶው ቸርኬው ላይ ተረጨ። የጎማዎቹ ጠርዝ ተላጭቶ መሐሉ ጎፈረ። ልክ እንደ ጉብሎቹ ፀጉር! ማን ከማን እንደ ኮረጀ እንጃ። ማታ ማታ ደግሞ ከኋላ አሥራ አምስት ኩንታል ሩዝ ይጭንበታል። ኋላው ይቀመጣል፣ ፊቱ ሰማይ ያያል፤ መብራቱ መንገዱን ትቶ ባሕር ዛፍ ጫፍ ላይ የተኙ ወፎችን ይቀሰቅሳል።

አንድ ጋራዥ ወሰደውና «ትንሽ ቢጠብቅ ቋቋታው ይጠፋል» ብለው መለሱት። አጠበቀው። ቋቋታው ብሶበት መጣ።

የእኛ ዘመን መኪናማ! ቻይናዎች ከወረታ ወልድያ ያለውን መንገድ ካወጡ በኋላ በዚያ ላይ ስመላለስ ባሌስትራዬ አንድ ቀን ተበላሽቶ አያውቅም። ንፋስ መውጫ ላይ የተሰበረው ጊዜ እንኳ ቅጠሎቹን በጠፍርና በእንጨት አስሬ፣ በዚያ ብርድ ሦስት ሌሊት አድሬ፣ እየተንፏቀቅሁ ወረታ ገብቻለሁ። ይህ ነው ጥራት ማለት። ከዚያም በፊት ቢሆን አፄ ቴዎድሮስ ጋፋት ላይ ያሠሩትን ሴባስቶፖልን፣ ወደ 70 ኩንታል የሚመዝነውን መድፍ፣ በ1860 ዓ.ም. ከደብረ ታቦር መቅደላ ያወጡት በምን ቶርሽን ነው? በሰው ጉልበትና በሠረገላ። ቋ ያለ ነገር የለም። ስድስት ወር ያህል ፈጀ እንጂ።

ይህን ሁሉ ስነግረው ቆይቼ፣ «መኪና ማለት ቮልስዋገን ነበር፤ ዝቅ ያለች፣ ጨዋ፣ ጭቃ የማትፈራ» ብል ልጅ ሆዬ ሳቀ። «አባባ፣ ቮልስ እኮ የፊቱም የኋላውም ቶርሽን ባር ነው። ፖርሽ የሚባለው ሰውዬ በፈረንጅ 1931 የፈጠራ መብት ያስመዘገበበት ነው» አለና ስልኩን ከፍቶ ሥዕሉን ዘረጋልኝ። መነጽሬን አልያዝኩም ነበር። ቢሆንም የቮልሷ ሌላ ነው፤ የሷ ቶርሽን በቱቦ ውስጥ ተሸፍኖ የተቀመጠ፣ እንደ ድሮ ሙሽራ ለማንም የማይታይ ነው። እንዲህ ሆዱን ገልጦ አደባባይ አይወጣም።

በመጨረሻ እሑድ ከቅዳሴ መልስ እናውርደው ተባለ። ሜዳ ቦታ አቆምነው። ከቸርኬው መሐል እስከ ፓራፋንጎው ከንፈር ስንት እንደሆነ ግራና ቀኙን መለካት ነው ዋናው ነገር። ልጁ በስልኩ ልለካ አለ። በስልክ ይለካል! ዞር በል አልኩና በስንዝር ለካሁት፤ ቀኙ በሁለት ጣት ይበልጣል ብዬ ፈረድኩ። በኋላ ሲጣራ ግራውን በግራ እጄ፣ ቀኙን በቀኝ እጄ ለክቼ ኖሯል፤ ቀኝ እጄ ደግሞ ቁርጥማት ስላለበት እንደ ልብ አይዘረጋም። ጥፋቱ የእጄ ነው እንጂ የስንዝር አይደለም።

ከዚያ ፊቱን በክሪክ አነሣው፤ ጎማዎቹ ተንጠለጠሉ። ይህን ያስተማርኩት እኔ ነኝ፤ ማለቴ ላስተምረው አፌን ስከፍት ቀድሞኝ አደረገው። ክብደት እንደ ተጫነበት ቡሎኑን ማዞር ጥርሱን ማስበላት ነው፤ ብረቱም ጭነት እያለበት የተጠመደ ወጥመድ ማለት ነው፣ ቢያመልጥ ጣት አይምርም። ቡሎኑ ጭቃና ዝገት ይዞታል፤ ናፍጣ አጠጣነውና ሁለተኛው ቡና እስኪፈላ ተውነው። ልጁ በጀርባው ተኝቶ ቁልፉን ሲጎትተው ጢይይ ብሎ ጮኸ፤ የዛገ አፈር ዓይኑ ላይ ዘነበ፤ ከዚያ ዞረ። ግራውን አምስት ዙር፣ ቀኙን አራት ተኩል አላላ። ክሪኩን አውርዶ ወዲያው ሊለካ ሲል ግን ያዝኩት። መኪና ከክሪክ ሲወርድ ጎማው እንደ ተሸማቀቀ ነው የሚቆም፤ ትንሽ ካልተንከባለለ እውነተኛ ቁመቱን አይናገርም። ከጎረቤት ልጆች ጋር ወደ ፊት ገፉት፣ ወደ ኋላ ሳቡት። ለካ፣ አነሣ፣ አዞረ፣ አወረደ፣ ገፉ። በሦስተኛው ግራና ቀኙ እኩል መጣ። በማግስቱ ባሕር ዳር ሄዶ አላይመንት አሠራው። ቋቋታው ጠፋ። ወፎቹም እንቅልፋቸውን ያገኙ ይመስለኛል።

ሐሙስ ዕለት የማንንም እጅ ሳልይዝ ጋቢና ገባሁ። መንገዱ ልስልስ ያለ ነው፤ ምንም የሚያጉረመርሙበት ነገር የለም፣ እሱ ራሱ ደስ አይልም። ደግሞ አንድ ነገር ልንገራችሁ፣ በእናንተና በእኔ መካከል ይቅር። ያ መኪና ግመል በነበረ ጊዜ ከጋቢናው ሆኜ የሩዙን ማሳ ከዳር እስከ ዳር አይ ነበር፤ ጎረቤቴ አጥር ውስጥ ስንት ክምር እንዳለው ሳልወርድ እቆጥር ነበር። ገበያተኛው ቀና ብሎ ነበር «እንዴት አደሩ አባ» የሚለኝ። አሁን የባጃጁ ጎረምሳ እንኳ ዓይን ለዓይን እያየኝ ያልፋል።

ማታ ልጁን ለብቻው ጠራሁት። ያ ቡሎን አለ አይደል አልኩት፤ አንድ ዙር ብቻ። ለጉማራ ብዬ ነው፣ ውኃ አይታወቅም። ቀና ብሎ አየኝና ሳቁን ዋጠ። አንድ አልኩህ፣ ቢበዛ አንድ ተኩል፤ መሰላሏንም ገና አትመልሳት።