አያ ጅቦን ያልሸተተው

ከቡሌ ሆራ ቁልቁል ወደ ያቤሎና ሞያሌ፣ በነገሌ ቦረና በኩል ደግሞ እስከ ኦጋዴን በተዘረጋው ቆላ የሚኖሩ አራዊት አንድ የሚያከብሩት ዳኛ ነበራቸው። አንበሳ አልነበረም፤ አንበሳ ከጠገበ ማን ይፈራዋል። ዳኛው ኤሊ ነበር፣ የዱብሉቅ ጉድጓድ አባ ሄሬጋ።

ሹመቱን ለማያውቅ አንባቢ ትንሽ ላስረዳ። በቦረና ምድር ቱላ የሚባሉ ጥልቅ የውኃ ጉድጓዶች አሉ፤ እስከ ሰላሳ ሜትር የሚወርዱም ይገኙባቸዋል። ጎረምሶች ከታች እስከ ላይ በየእርከኑ ይቆሙና ኦኮሌ በሚባል መቅጃ የተቀዳውን ውኃ እየዘፈኑ፣ እየተቀባበሉ ከብቱ ወደሚጠጣበት ገንዳ ያወጡታል። ጉድጓዱ የቆፋሪው ወገን ነው፤ የዚያ ወገን አለቃ አባ ኮንፊ ይባላል። ዛሬ ማን፣ ነገ ማን እንደሚያጠጣ፣ ገንዳውን ማን እንደሚለስን፣ አጥሩን ማን እንደሚያድስ የሚደለድለው ግን አባ ሄሬጋ ነው። ውኃው አይሸጥም፤ ተራ ግን ይጠበቃል። ተራ የዘለለ ወይም ጭቃ ሳይጠርግ የሄደ ሰው ከብቱን ነድቶ ይመለሳል። ቅር ካለው ሽማግሌ አለ፤ ከሽማግሌም በላይ በየስምንት ዓመቱ የሚሰበሰበው የጉሚ ጋዮ ጉባኤ አለ። የዳኛው ከብቶችም የሚጠጡት ከዚያው ገንዳ ነው። ይህችን የመጨረሻዋን ነገር አንባቢ እንዲይዝልኝ እፈልጋለሁ።

በዚህ ሥርዓት ቅር የሚሰኝ ቀጭኔ ብቻ ነበር፤ ኦኮሌ ድሮ ከዘመዶቹ ቆዳ ይሰፋ ነበርና። እሱም ቢሆን ተራው ሲደርስ አንገቱን ደፍቶ ይጠጣል።

በአንድ ክፉ በጋ ግመል ከኦጋዴን መጣች። ውኃ ጠጥታ፣ አረፍ ብላ፣ እንደ አገሩ ደንብ ስለ ዝናቡና ስለ ግጦሹ ተጠይቃ ስታበቃ ዋናውን ወሬ አወጣች።

«አባ ሄሬጋ፣ ከእኛ ምድር ሥር ትንፋሽ አለ።»

«የማን ትንፋሽ?»

«ስንትና ስንት ሚሊዮን ዓመት ከውኃ ግርጌ ተቀብረው የቀሩ ፍጥረታት ትንፋሽ ነው ይላሉ። ድንጋይ ተከድኖበት ኖረ። አይታይም፣ አይሸትም። እሳት ሲያገኝ ግን ይነዳል፤ ምጣድ ያሰማል፣ መብራት ያበራል፣ ማዳበሪያም ይሆናል አሉ።»

«ማን አገኘው?»

«መጀመሪያ ንስር።»

ተረት ነጋሪ የአራዊቱን ማንነት ሸፍኖ ማለፍ ይገባው ነበር፤ እኔ ግን አንባቢዬ እንቆቅልሽ ሲፈታ እንዲውል አልፈልግም። ንስሩ ቴኔኮ የተባለው የአሜሪካ ኩባንያ ነው። በ1960ዎቹ አጋማሽ ካሉብ በሚባል ቦታ ቆፍሮ ጋዙን አገኘ፤ የሂላላው ጋዝም ተከተለ። አብዮቱና የሶማሊያ ጦርነት ሲመጡ ክንፉን ዘርግቶ ሄደ። ቀጥሎ ድብ መጣ፤ የሶቪየት ባለሙያዎች በደርግ ዘመን ጉድጓድ ላይ ጉድጓድ ጨመሩ፤ የድቡ የራሱ ቤት ሲፈርስ እሱም ጓዙን ጠቀለለ። ነብሩ የማሌዥያው ፔትሮናስ ነበር፤ እሱም ብዙ ሳይቆይ ወጣ። ስማቸውን ብዘረዝር የሚያሰለቹ ሌሎችም ነበሩ። በ2006 ዓ.ም. ዘንዶ ውል ፈረመ፤ የቻይናው ፖሊ ጂሲኤል።

ግመል ይህን ሁሉ የምትቆጥረው በትውልድ ነው። ንስሩ ሲመጣ አያቷ ግልገል ነበረች። ድቡ ሲሄድ እናቷ ትጠባ ነበር። ዘንዶ ሲመጣ እሷ ራሷ ወልዳለች። በዚህ ሁሉ ዘመን ሦስቱም ሲመሽ ያዩት ብርሃን የጨረቃን ብቻ ነው።

በወሬው ላይ ለመምከር የአራዊቱ ጉባኤ በቡሌ ሆራ ተጠራ። ሽማግሌዎች ዛሬም ሀገረ ማርያም የሚሏት ይህች ከተማ የሞያሌ መንገድ ከቡናው ምድር ወደ ከብቱ ምድር የሚወርድባት ደጃፍ ናት፤ የደጋም የቆላም አውሬ ሳይጣላ የሚገናኝባት ሌላ ቦታ አልተገኘም። ዘንዶም ተጠርቶ መጣ። ትሑት ነበር፤ ተረት ስለሆነ ብቻ ክፉ ላደርገው አልፈልግም። ረጅም ገላውን በገበያው ሜዳ ላይ ዘረጋና እንዲህ አለ፤

«ከካሉብ እስከ ጅቡቲ 767 ኪሎ ሜትር ቧንቧ እዘረጋለሁ። ይኸው እንደ ገላዬ ነው። ከላይ ከብት ይግጣል፣ ከሥር ትንፋሽ ያልፋል። ማንም ማንንም አይነካም።»

«ጠባቂው ማን ነው?» አለ ኤሊ።

አራዊቱ ሁሉ ባንድ ድምፅ «አያ ጅቦ!» አሉ። ሦስት ሸንተረር ማዶ የወደቀ አህያ የሚያሸት አፍንጫ ከእሱ በቀር ማን አለው? አያ ጅቦ ሹመቱን ተቀበለ። ወንበርና ማኅተም ተሰጠው፤ ወንበሩ ግን ከቆላው ብዙ ርቆ፣ አዲስ አበባ ላይ ነበር።

ሕግም አልጠፋም። ነጋሪት ጋዜጣ የምታነበው እመት ጦጣ መነጽሯን አጥልቃ ቆመች። የአካባቢ ተፅዕኖ ግምገማ አዋጅ ቁጥር 299/1995፤ ግምገማው ሳይጸድቅ ሥራ አይጀመርም፣ የአካባቢው ሕዝብም አስተያየቱን ይሰጥበታል። የአካባቢ ብክለት ቁጥጥር አዋጅ ቁጥር 300/1995፤ ማንም ቢሆን «እኔ ተጎዳሁ» ማለት ሳይጠበቅበት አቤት ማለት ይችላል፤ ባለሥልጣኑ በ30 ቀን ውስጥ ካልወሰነለት ፍርድ ቤት ይሄዳል። ግሩም ሕግ ነው፤ እዚህ ላይ አልቀልድም። ከሳሽን «አንተን ምን አገባህ?» ብለው የሚመልሱ ሀብታም አገሮች አሉ።

«በምን ቋንቋ ነው የተጻፈው?» አለች ግመል።

«በአማርኛና በእንግሊዝኛ።»

ግመል ሁለቱንም አታውቅም ነበር። ጦጣ አፍራ መነጽሯን አወለቀች።

ጥቂት እንደቆየ ከሊበን ሜዳ አንዲት ትንሽ ወፍ መጣች፤ ዘሯ ሊጠፋ ጥቂት የቀራት፣ በነገሌ ቦረና አጠገብ ሣር ውስጥ ጎጆ የምትሠራ። ዘመዶቿን ልትጠይቅ ወደ ምሥራቅ በርራ ስትመለስ ለሙከራ ከተዘረጋ አንድ የቧንቧ መገጣጠሚያ ሥር ሲሲሲ የሚል ድምፅ ሰምታ ነበር። (ይህ ተረት ነው። ካሉብ ላይ ቧንቧ ፈነዳ ያለ የለም፣ እኔም አላልኩም። በ2012 ዓ.ም. ዘ ጋርዲያን የተባለው የእንግሊዝ ጋዜጣ በካሉብ አካባቢ ምንነቱ ያልታወቀ ገዳይ በሽታ አለ የሚሉ ነዋሪዎችን ቃል አወጣ፤ መንግሥት አስተባበለ። እኔ እዚያ ውስጥ አልገባም፤ ወደ ወፏ እመለሳለሁ።)

አያ ጅቦ ተጠርቶ መጣ። መገጣጠሚያውን ዞረው። አሸተተ፤ ደግሞ አሸተተ።

«አልሸተተኝም» አለና በማኅተሙ አጸደቀው።

«እኔ እኮ ሰማሁ ነው ያልኩት» አለች ወፏ።

«እኔ የተሾምኩት በአፍንጫዬ ነው። ጆሮ የሌላ መሥሪያ ቤት ነው።»

አያ ጅቦ አልዋሸም፤ ጉቦም አልበላም። የዚያ ትንፋሽ ዋና ክፍል የሆነው ሚቴን ሽታ የለውም፤ የዓለም ምርጥ አፍንጫ ቢቀመጥበትም የሚለው ያንኑ ነው። በየወሩ «አልሸተተኝም» የሚል ደብዳቤ ይመጣ ጀመር። ደብዳቤዎቹ ተጠርዘው መደርደሪያ ሞሉ፤ ዘንዶም ለእንግዳ ሁሉ ያሳያቸው ነበር።

በዚህ መካከል ሽመላ ከሰሜን ደረሰ። ሽመላ የሰሜኑን ብርድ ሸሽቶ በየዓመቱ የሚመጣ ስለሆነ የማይሰማው ወሬ የለም።

«አባ ሄሬጋ፣ ስለዚህ ትንፋሽ የሰማሁትን ልንገርዎ። በድቡ አገር፣ ኡፋ በምትባል ከተማ አካባቢ፣ ከባቡር ሐዲድ ጎን የሚያልፍ ቧንቧ አፈተለከ። በውስጡ የነበረው ከዚህ የከበደ፣ ለፈሳሽ የቀረበ ዘመዱ ነው። ጠባቂዎቹ ግፊቱ ሲወርድ አዩ። የት ነው የሚያፈተልከው ብለው እንደመፈለግ ግፊቱን ጨመሩት። ትንፋሹ ሸለቆው ውስጥ ተኛ። በ1981 ዓ.ም. ግንቦት ማለቂያ፣ በሌሊት፣ ሁለት የመንገደኛ ባቡሮች በዚያ ሲተላለፉ ነደደ። 575 ሰው ሞተ ይባላል፤ ለዕረፍት ወደ ባሕር የሚሄዱና የሚመለሱ ብዙ ሕፃናት ነበሩበት።»

አራዊቱ ዝም አሉ። ሽመላ ቀጠለ።

«በንስሩ አገር ደግሞ ሌላ ሰምቻለሁ። ቴክሳስ ውስጥ ኒው ለንደን በምትባል መንደር ትምህርት ቤቱ ወጪ ለመቀነስ ብሎ ከዘይት ጉድጓዶች የሚወጣውን ትርፍ ጋዝ በቧንቧ ጠልፎ ያስገባ ነበር። ጋዙ ከወለሉ በታች ተጠራቀመ። ከተማሪና ከመምህር አንድ እንኳ የሸተተው የለም። ከኤሌክትሪክ መሣሪያ የእሳት ፍንጣሪ ወጣ፤ ሕንፃው ተነሥቶ ወደቀ። ወደ 300 የሚጠጉ ሰዎች አለቁ፤ አብዛኞቹ ልጆች።»

ይህ የሆነው በ1929 ዓ.ም. መጋቢት ነው። እኛ አዲስ አበባ ላይ የየካቲት 12ን ሙታን ከቀበርን ወር አልሞላንም ነበር፤ የቴክሳስን ልቅሶ የምንሰማበት ጆሮ አልነበረንም።

«ከዚያስ?» አለ ኤሊ።

«ከዚያማ ሳይውሉ ሳያድሩ ሕግ አወጡ፤ ጋዙ እንዲሸት ተባለ። እንደ በሰበሰ እንቁላል የሚሸት ነገር ቀላቀሉበት። ዛሬ በከተማ አንዲት እናት ኩሽናዋ ስትገባ ‹ጋዝ ሸተተኝ› ብላ መስኮት የምትከፍተው በነዚያ ልጆች ምክንያት ነው።»

አራዊቱ ወደ ዘንዶ ዞሩ። መፍትሔው ከተገኘ ምን ቀረ? ሽታውን ይጨምርበትና አያ ጅቦ ሥራውን ይሥራ። አያ ጅቦም ደስ አለው፤ ከተሾመ ጀምሮ የሚሸት ነገር ናፍቆት ነበር።

ዘንዶ ጉሮሮውን ጠረገ። «ሽታውስ አለ፤ ሜርካፕታን ይባላል። ነገር ግን የሚጨመረው አብዛኛውን ጊዜ ከተማው በር ላይ ነው፤ ወደ ምድጃ ከመግባቱ በፊት። በሜዳ የሚያልፈው እንዳለ ያልፋል።»

ግመል ቀስ ብላ አመነዠከች። «እንግዲያ ሽታው ለሚነድበት ቤት ነው» አለች። «እኛ ላይ ሲያልፍ አይሸትም።»

ዘንዶ መልስ አልነበረውም፤ እውነቷን ነዋ። በብዙ አገር ረጅሙ ቧንቧ የሚጓዘው እንዲሁ ሽታ አልባ ሆኖ ነው።

ይኼኔ ከአዶላ ጫካ የመጣ ከርከሮ ተነሣ። ለገ ደንቢ የወርቅ ማዕድን በእሱ አገር፣ በጉጂ ነው። «እኛ ዘንድ ወርቅ ነበር» አለ። «ከወርቁ እጣቢ ተመርዘን ልጆቻችን ታመሙ ብለን ስንት ዓመት ጮኽን። ጠባቂ ነበረ፣ ደብዳቤም ነበረ። በ2010 ዓ.ም. ሕዝቡ መንገድ ላይ ወጣ፤ ያን ጊዜ ፈቃዱ ታገደ። በ2013 ዓ.ም. ተመልሶ ተከፈተ። ሽታው እኛ ነበርን፤ ሲሸተን ሳይሆን ስንሸት ነው የመጡት።»

ኤሊ ለረጅም ጊዜ አንገቱን ሸሽጎ ቆየ። ሲያወጣው እንዲህ ፈረደ፤

«አያ ጅቦ ከነልጆቹ ቧንቧው ላይ ይስፈር። ወንበሩንም ማኅተሙንም እዚያ ይውሰድ። የቫልቩ ቁልፍ ደግሞ አንዱ ከዘንዶ ጋር፣ ሌላው ከግመል ወገን ጋር ይሁን። ሲሲታ የሰማ ይዝጋ፤ ከዘጋ በኋላ እንማከራለን።»

ሁከት ተነሣ። አያ ጅቦ ልጆቹ ከተማ ትምህርት መጀመራቸውን፣ ሚስቱ ሙቀት እንደማይስማማት፣ የበረሃ አበልም እንዳልተፈቀደለት ተናገረ። ዘንዶ ደግሞ «ግፊት ምን እንደሆነ ለማያውቅ ፍጥረት ቁልፍ አልሰጥም» አለ። ግመል «ግፊት?» አለች፤ «የሃያ ቀን ውኃ ሆዴ ውስጥ ይዤ የምሄደውን?» (አጋንናለች፤ ግመል ውኃ እንደዚያ አታጠራቅምም፤ ግን ማንም አላረማትም።) በመጨረሻ ዘንዶ ቤቱ ሄዶ አለቆቹን ሊጠይቅ ቀጠሮ ወስዶ ሄደ።

ቀጠሮው ዓመታት ፈጀ። ውሉ በ2014 ዓ.ም. ማብቂያ ገደማ ተሰረዘ፤ ዘንዶ ሄደ ሲባል እንደገና ተመለሰ። መስከረም 22 ቀን 2018 ዓ.ም. ካሉብ ላይ የመጀመሪያው ምዕራፍ ፋብሪካ በይፋ ተመረቀ፤ በዓመት 111 ሚሊዮን ሊትር ፈሳሽ ጋዝ ያመርታል ተባለ። ምሽት ሲሆን ከሩቅ የሚታይ ብርሃን መጣ፤ ግመልም ልጇን አስነሥታ አሳየቻት። ደስታዋ የውሸት አልነበረም፤ አገር ሙሉ በከሰልና በማገዶ ዓይኑ ሲጨስ ኖሮ የራሱን ጋዝ ቢያገኝ ማን ይጠላል።

ዘንዶ ግን ወደ ጉባኤው ሲመጣ ቧንቧውን አልያዘም። «ቧንቧው ለጊዜው ይቆይ» አለ። «ትንፋሹን ከዜሮ በታች 162 ዲግሪ አቀዘቅዘዋለሁ፤ ፈሳሽ ይሆንና 600 እጥፍ ያንሳል። በመኪና እጭነዋለሁ። ሽታ ግን አሁንም አይገባበትም፤ በዚያ ብርድ ሽታው ራሱ ይረጋል።»

አያ ጅቦ ከደስታ ብዛት ሳቀ። «እንግዲህ ተገላገልኩ! የተሾምኩት በቧንቧ ላይ ነው። መኪና የትራፊክ ፖሊስ ነው።»

አራዊቱ ተያዩ። ፍርዱ በቧንቧ ላይ ነበር፤ ቧንቧው ቀረ። ጦጣ አዋጆቹን ታገላብጥ ጀመር። የሊበኗ ወፍ «መኪናም ሲሲ ይላል» አለች፤ የሰማት የለም። ከርከሮው ነገሩ ገብቶት ነበር፤ ትቷቸው ወደ አዶላ መንገድ ጀመረ።

ኤሊ መልሶ ጠራው። ከዚያ ወደ ዘንዶ ዞረ።

«ነገ ዱብሉቅ የውኃ ተራ ስላለ እዚህ አልውልም። እዚያ ድረስ ና። መኪኖቹ የሚያልፉበትን መንገድ ሁሉ በስሙ ጽፈህ አምጣ፤ በየትኛው መንደር እንደሚቆሙ፣ ሹፌሩ የት እንደሚያድር፣ ቢገለበጥ ማን ቀድሞ እንደሚደርስ። አያ ጅቦም ይምጣ፤ ጦጣ ለግመል በሶማልኛ፣ ለከርከሮ በኦሮምኛ ታንብብላቸው።»

«ስንት ሰዓት ልምጣ?» አለ ዘንዶ።

«ሰዓት የለውም። ከፍየሎቹ በኋላ ተሰለፍ።»