ዘንባባ ስኒ ውስጥ አይገባም

«ግቢዬ ውስጥ ምን ልትከል?» ብሎ ለሚጨነቅ ሰው መልሱን የሚያውቅለት ጎረቤቱ ነው፤ ሲቸግረው የሚያንኳኳው የእሱን በር ነዋ! አንድ ባለቪላ ወዳጅ አለኝ። ለቡናው ጤና አዳም ከእኔ፣ ለጥብሱ የጥብስ ቅጠል ከእኔ፣ ምች ሲመታው ዳማ ከሴ ከእኔ። ግቢው የእኔን አምስት እጥፍ ይሆናል። የተከለው ግን ዘንባባና ሳር ነው።

«ዘንባባ እኮ ግርማ ሞገስ አለው» ይለኛል።

«አለው። ስኒ ውስጥ ግን አይገባም።»

«ለሆሳዕናስ?»

«ለአንድ እሑድ ብለህ ዓመት ሙሉ ታጠጣለህ? የሆሳዕናውን ቀለበት እኔ እገዛልሃለሁ፤ አንተ በቦታው ኮባ ትከል። የበዓል ዋዜማ ሚስትህ ድፎ የምትጋግርበት ቅጠል ፍለጋ ሰፈሩን ስትዞር፣ ያ ግርማ ሞገስህ ቆሞ ያያታል።»

ሳሩ ደግሞ የብቻው ጉድ ነው። በእኛ ሰፈር ውሃ በፈረቃ ናት፤ እሷም እንደ ሌባ ሰው ሲተኛ ነው የምትመጣው። ወዳጄ ከእንቅልፉ ተነስቶ ለሳሩ ይደግሳል።

«ለምለም ነገር ማየት ዓይን ያሳርፋል» አለኝ።

«ሳርህ በጎማ ይጠጣል፣ አንተ በሃይላንድ ትታጠባለህ። ከሁለታችሁ የቤቱ ባለቤት ማነው?»

«ልጆች ይጫወቱበታል።»

«ታዲያ ‹ሳሩን አትርገጡ!› እያልክ የምትጮኸው በማን ልጆች ላይ ነው?»

ጥግ ላይ ማንጎ ተክሏል። አፈራ ወይ ብዬ ስጠይቀው፣ «ይደርሳል» አለኝ፣ ተስፋ ሳይቆርጥ።

«ማንጎ የቆላ ልጅ ነው። አዲስ አበባ ከባሕር ወለል በላይ 2,300 ሜትር አካባቢ ተሰቅላለች። አንተ በኅዳር ጋቢ በጋቢ ላይ ደርበህ እየተንቀጠቀጥክ፣ እሱ ራቁቱን ቆሞ ያፍራልኝ ትላለህ? አርባ ምንጭ ያሉት ዘመዶቹ ቢሰሙ ይከሱሃል።»

«አቮካዶስ?»

«እሱ ይሁን፤ ብርዱን ይችለዋል። ግን የበላኸውን ፍሬ ዘር ቀብረህ ደጅ አትጥና። ከዘር የበቀለ አቮካዶ ሰባት ስምንት ዓመት ሊያስጠብቅህ ይችላል፤ ያውም የእናቱን ዓይነት ለማፍራቱ ዋስ የለውም። የተዳቀለውን ችግኝ ግዛ፤ በሦስት በአራት ዓመት ትበላለህ። አንተ እኮ ሻይ እስኪፈላ የማትታገሥ ሰው ነህ።»

በአጥሩ ዙሪያ ባሕር ዛፍ ልደርድር ሲለኝማ ምላሴ አላስቻለኝም።

«ምኒልክ ያስመጡትን ዛፍ ትንቃለህ?» ብሎ ሊያስደነግጠኝ ሞከረ።

«እምዬ ያኔ ከተማቸው ማገዶ ቸግሯት ነበር፤ ነቅለው ወደ አዲስ ዓለም ለመዛወር ሁሉ አስበዋል። አንተን ምን ቸገረህ? ሲሊንደርህ ሙሉ ነው። ባሕር ዛፉ ሥሩን ወደ እኔ ልኮ ውሃውን ሲጨርሰው፣ ነገ የምትለምነው ጎመን ይደርቅብሃል።»

«እሺ ዐዋቂው፣ ምን ልትከል?»

«ሠራተኛህን ጠይቃት። በየቀኑ ወደ እኔ የምትልካት እሷን ነው፤ ዝርዝሩን በቃሏ ታውቀዋለች።»

ተጠየቀች። ከግቢው አርክቴክት ይልቅ እኔ የማምነው እሷን ነው። ዓይኗን ሳታሽ «ጎመን» አለች።

«ጎመን? ለቪላ?»

«ቪላው አይበላም፤ የምትበላው አንተ ነህ» አልኩት። «የሐበሻ ጎመን ከሥር ከሥሩ እየቀነጠስክ አናቱን ከተውክለት ለወራት ይቀልብሃል። ክሽክሽ ሲወርረው አመድ ነስንስበት።»

«አመድ ከየት አባቴ ላምጣ?»

«እሱንም ከእኔ ትወስዳለህ፤ ለምደኸው የለ!»

ጤና አዳም፣ የጥብስ ቅጠልና ኮሰረት ቅርንጫፋቸው ተቆርጦ ቢተከል ይይዛል። ይህን ሁሉ ዘመን ቅጠል ሲወስድ አንድ ቀን እንኳ ቅርንጫፍ ለመጠየቅ አላሰበም። ጤና አዳሙን ፀሐይ ላይ በባዶ እጅ እንዳያሽ ነገርኩት፤ ጭማቂው ቆዳ ያቃጥላል። የጥብስ ቅጠሉን ደግሞ ለሳሩ እንደሚያጠጣ እንዳያጠጣው፤ ውሃ ሲተኛበት ይበሰብሳል።

«ኮሰረት ምን ያደርግልኛል?»

«ቅቤ ይነጠርበታል። እህትህ ከአሜሪካ ስትደውል ‹ኮሰረት ላክልኝ› ትላለች እንጂ ‹ዘንባባ ላክልኝ› ብላህ ታውቃለች?»

«ጌሾስ? እኔ ጠላ አልጠምቅም።»

«መጥመቅህን ማን ጠየቀህ? አጠጣጥህን አይቻለሁ።»

በዚህ መሃል ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ የሚኖር ጓደኛችን ገባበት። «እናንተ መሬት አላችሁ። እኔስ?»

«የዘይት ጀሪካን የለህም? አፉን ቁረጠው፣ ታቹን ብሳው፣ አፈርና ፍግ ሙላበት። በሶብላና ቃሪያ ይበቃሃል።»

«በረንዳዬ ጠባብ ነው።»

«ለዲሹ ሲሆን ሰፍቶ ነበር።»

«ታች ያለው ጎረቤት ውሃ ተንጠባጠበብኝ ይላል።»

«ቃሪያውን አቅምሰው፤ አፉን ሲያራግብ ክሱን ይረሳዋል።»

ባለቪላው የመጨረሻ ካርዱን መዘዘ። «እንግዲያው ጽጌረዳ የሚባል ነገር ቀረ በለኛ!»

«ማን ቀረ አለህ? በሩ አጠገብ አንድ ሁለት እግር ትከል። ሚስትህን ስታስቀይም ጎመን ታቅፈህ ልትገባ ነው?»

ሚስቱ ለካ በወጥ ቤቱ መስኮት ስትሰማ ኖሯል። «ይግባ!» አለች። «ግን ከትፎ!»