የድመት ግልገል መረከቢያ ዕድሜን ለመወሰን የወጣ አዋጅ

ስማ ስማ! ያልሰማህ ስማ፣ የሰማህ ላልሰማ አሰማ!

በሆሳዕና፣ በዱራሜ፣ በሾኔ፣ በሺንሺቾ፣ በሀደሮ፣ በዶዮገና፣ በአንጋጫ፣ በፎንቆና በሆሜቾ፣ በኮርኒስ ላይና በጎተራ ሥር፣ በወፍጮ ቤት ጥግና በመዝገብ ቤት መደርደሪያ መካከል ለምትኖሩ አይጦች በሙሉ፤ ሳታውቁት ለምትቀልቡን የሰው ልጆችም ጭምር!

መግቢያ

የድመት ግልገል ከእናቷ የምትለይበት ዕድሜ የአይጥን ሕልውና በቀጥታ የሚነካ ጉዳይ ሆኖ በመገኘቱ፤

የአካባቢያችን ሰው «እነ እገሌ ቤት ድመቷ ወለደች» የሚል ወሬ በሰማ በሳምንቱ ግልገል ለማስያዝ መሽቀዳደሙ በሕግ ሊጠበቅ የሚገባው ነባርና የሚያስመሰግን ልማድ በመሆኑ፤

ሆኖም ከቅርብ ጊዜ ወዲህ አንዳንድ እናቶች «ጊዜዋ ሳይደርስ አልሰጥም» የሚል አደገኛ አዝማሚያ በማሳየታቸው፤

የአይጦች ምክር ቤት ጉዳዩን መርምሮ በአንድ ተቃውሞ፣ ተቃዋሚው ከስብሰባ ሲመለስ በድመት ስለተበላ ደግሞ በሙሉ ድምፅ፣ የሚከተለውን አውጇል።

አንቀጽ 1፦ አጭር ርዕስ

ይህ አዋጅ «የቶሎ ውሰዷት አዋጅ» ተብሎ ሊጠቀስ ይችላል።

አንቀጽ 2፦ ትርጓሜ

«ደግ ጎረቤት» ማለት ግልገሎቹ ገና ሲንገዳገዱ «ኧረ ውሰዱልኝ፣ ቤቱን ሞሉት» የሚል ሰው ነው።

«ክፉ ጎረቤት» ማለት ሌላ ነው። ምክር ቤቱ ትርጓሜውን ለማብራራት ጎፈር ሜዳ ሰፈር ከሚገኝ አንድ ኮርኒስ የተላከ የመረጃ ሪፖርት ጠቅሷል። አንዲት ወጣት ድመታቸው ወደ ወለደችባቸው አንዲት ሴት መጥታ «እማማ፣ ያቺን ቡራቡሬዋን ዛሬ ልውሰዳት?» ብትላቸው፣ እኚህ ሴት «አይ ልጄ፣ ገና ጡት አልጣለችም። እየመጣሽ እቀፊያት፣ አጫውቻት፣ ትልመድሽ። የምትወስጃት ግን ሦስት ወር ሲሞላት ነው፤ ያን ጊዜ የእብድ ውሻ ክትባቷንም ታስከትቢያታለሽ» ብለው መለሱ። ከኮርኒስ ላይ ከተሰሙ ዓረፍተ ነገሮች ሁሉ የከፋው ይህ ነው። የድመት ግልገል የሰው እጅና ድምፅ የምትለምደው ከሁለተኛው እስከ ሰባተኛው ሳምንት ባለው ጊዜ ነውና፣ ሴትዮዋ ያሉት ከተፈጸመ ሰው የምትወድም አይጥ የምትይዝም ድመት ትወጣለች። ሁለቱ በአንድ ድመት ላይ እንዳይገናኙ መከላከል የዚህ አዋጅ ዓላማ ነው።

አንቀጽ 3፦ የተፈጻሚነት ወሰን

አዋጁ በሀዲያና በከምባታ ከተሞች ሁሉ የጸና ይሆናል። የማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ሲመሠረት መቀመጫውን ሆሳዕና አድርጎ ቢሮዎቹን ዱራሜን ጨምሮ ለበርካታ ከተሞች እንዳከፋፈለ ሁሉ፣ እኛም ቅርንጫፎቻችንን በየከተማው ከፍተናል። የትኛው ፋይል በየትኛው ከተማ እንዳለ ሰው ሲጠፋው፣ የምናውቀው እኛ ነን። ስለምንበላው።

ልጆቻቸው ከደቡብ አፍሪካ በላኩት ገንዘብ ቤት ያሠሩ ወላጆችንም በዚህ አጋጣሚ እናመሰግናለን። ኮርኒሱ ሰፊ፣ ደረቅና ጸጥ ያለ ነው። ፎቅ ለሠራ ሰው ደግሞ ምርቃታችን ድርብ ነው።

አንቀጽ 4፦ የመረከቢያ ዕድሜ

ግልገል ከእናቷ የምትወሰደው በአራተኛው ሳምንት ይሆናል። ከዚያ ቀድሞ መውሰድ አይከለከልም። ሆኖም ግልገል ዓይኗን የምትገልጠው ከ7 እስከ 14 ቀን ባለው ጊዜ ስለሆነ፣ ዓይኗ ያልተገለጠ ግልገል ይዞ የሚሄድ ሰው ሐሜት ሊገጥመው ይችላል። አራተኛው ሳምንት ግን ለሁሉም የተመቸ ነው። ትሮጣለች፣ ትገለባበጣለች፣ የወተት ጥርስ አብቅላለች፣ ምግብ መቅመስ ጀምራለች። ሰው ይህን አይቶ «አድጋለች» ይላል። ጡት ጨርሳ የምትጥለው ግን ወደ ስምንተኛው ሳምንት ግድም ነው። ይህን ልዩነት ለሰው የሚያወጣ አይጥ በአገር ክህደት ይጠየቃል።

በወሳጁ በኩል የዕድሜ ገደብ የለም። የኢትዮጵያ የቤተሰብ ሕግ ጉዲፈቻ አድራጊ 25 ዓመት እንዲሞላው ያዛል፤ ለድመት ግን ካርቶን ማቀፍ የሚችል ሕፃን ሁሉ ብቁ ነው።

አንቀጽ 5፦ ስለ እናት ድመት ትምህርት ቤት መዘጋት

የዚህ አዋጅ እምብርት ይህ አንቀጽ ስለሆነ በጥሞና ይደመጥ።

እናት ድመት ልጆቿ አራት አምስት ሳምንት ሲሞላቸው ማስተማር ትጀምራለች። መጀመሪያ የሞተ አይጥ አምጥታ ፊታቸው ትበላለች። ቀጥላ የሞተውን ትተውላቸዋለች። በመጨረሻ በሕይወት ያለውን ታመጣና ትለቅላቸዋለች፤ ሲያመልጣቸው ራሷ ይዛ ትመልስላቸዋለች። (በዚህ ደረጃ የማስተማሪያ መሣሪያ ሆነው ላለፉ ወገኖቻችን የአንድ ደቂቃ የኅሊና ጸሎት ይደረግ። እናመሰግናለን፤ ተቀመጡ።) በአራተኛው ሳምንት የተወሰደች ግልገል እንግዲህ ከትምህርት ቤቱ የወጣችው በተመዘገበች ማግስት ነው።

ምክር ቤቱ ይህን የሚለው በስሜት ተነሣሥቶ አይደለም። በ1930 እ.ኤ.አ. ባሳተመው ጥናት፣ ዚንግ ያንግ ኩዎ የተባለ ቻይናዊ የሥነ ልቦና ተመራማሪ የድመት ግልገሎችን በቡድን በቡድን ለይቶ አሳደገ። እናታቸው አይጥ ስትገድል እያዩ ካደጉት 21 ግልገሎች 18ቱ ገዳይ ሆኑ። ለብቻቸው ካደጉት 20 የገደሉት 9 ናቸው። ከሕፃንነታቸው ጀምሮ ከአይጥ ጋር በአንድ ጎጆ ካደጉት 18 ደግሞ 3 ብቻ። ወገኖች ሆይ፣ እናትን ከመካከል ማውጣት ብቻውን የገዳዮቹን ቁጥር በግማሽ ያህል ከቀነሰው፣ ሥራውን በነፃ ለሚሠራልን ካርቶን ተሸካሚ ሕፃን ምን ውለታ ይበቃዋል?

ሦስተኛው ዘዴ፣ ማለትም ግልገሏን አይጥ ቤት ማሳደግ፣ ይበልጥ ውጤታማ መሆኑን ምክር ቤቱ ተገንዝቧል። በጎ ፈቃደኛ አሳዳጊ ቤተሰብ ይመዝገብ የሚል ማስታወቂያም ተለጥፏል። እስካሁን የተመዘገበ የለም።

ለብቻቸው አድገው ስለ ገደሉት ዘጠኙ የጠየቃችሁን አላችሁ። ያልተማረችም ድመት በደመ ነፍስ ማደኗ ስለማይቀር፣ አዋጁ ሙሉ ዋስትና አይሰጥም። ጥንቃቄ አይለያችሁ።

አንቀጽ 6፦ የውጭ ጣልቃ ገብነትን ስለ መከላከል

በ2017 እ.ኤ.አ. ከሄልሲንኪ ዩኒቨርሲቲ የወጣ ጥናት፣ ከ5,700 ስለሚበልጡ ድመቶች ከባለቤቶቻቸው መረጃ ሰብስቦ፣ ስምንት ሳምንት ሳይሞላቸው ከእናታቸው የተለዩት ይበልጥ ጠበኛ እንደሚሆኑ፣ ለግልገል እስከ 14 ሳምንት ቆይታ መስጠት እንደሚሻል ጽፏል። ምክር ቤቱ ይህን በውስጥ ጉዳያችን የተደረገ ጣልቃ ገብነት በጽኑ ያወግዛል። ቆጮ ቀምሶ የማያውቅ አገር ስለ ሆሳዕና ድመት ምን አግብቶት!

የሚጠቅመንን ግን ወስደናል። ያለ ዕድሜዋ የተነጠለች ድመት ከወንድም ከእህቶቿ ጋር እየተላፋች የንክሻዋን ልክ ስላልተማረች፣ ልጅ ትቧጭራለች፣ እጅ ትነክሳለች። ባለቤቲቱ ተናዳ «ይቺ አውሬ ትውጣልኝ!» ትላለች። ድመቷ ትወጣለች፤ እኛ እንገባለን። ፊንላንዶች ይህን ማስላት አልቻሉም።

አንቀጽ 7፦ ስለ ቀለብ

ከእናቷ ለተለየች ግልገል የላም ወተት በጎድጓዳ ሳህን፣ እስክትጠግብ ድረስ ይቅረብላት። የላም ወተት ለግልገል ሆድ አይስማማም፤ ያስቀምጣታል፤ ትንሽ ግልገልን ተቅማጥ በጥቂት ቀናት ሊጥላት ይችላል። ይህን የሚያደርጉት ሰዎች በፍቅር ተነሣሥተው ስለሆነ ምስጋናችንን ከልብ እናቀርባለን።

አንቀጽ 8፦ ስለ ቅቤ ወራት

ለመስቀል ሰሞን በዓላት፣ ለያሆዴና ለመሳላ፣ ቅቤ የምታጠራቅሙ እናቶች፣ ግልገል ፍለጋ የምትወጡት በነሐሴ መጨረሻ ይሁን። እስከዚያ ማሰሮው ክዳኑ ይላላ፤ ጩኸት የምታሰሙትም ጭረታችንን ስታዩ ብቻ ነው። በነሐሴ መጨረሻ የመጣች የአራት ሳምንት ግልገል እስከ መስቀል ድረስ ቅቤውን ራሷ ከመላስ በቀር የምትሠራው ሥራ የለም።

አንዳንድ ብልጣ ብልጦች ሦስት ወር የሞላትን ግልገል በየካቲት ወስደው፣ መስከረም ሲጠባ ዓመት ሊሞላት የተቃረበ አዳኝ ቤታቸው ውስጥ እንደሚገኝ ደርሰንበታል። በየካቲት ስለ መስከረም ማሰብ ከዛሬ ጀምሮ ተከልክሏል። የሌሞና የዱና ስንዴ ጎተራ ሲገባም እንዲሁ፤ የድመት ጉዳይ የሚነሣው ጆንያው ከተቀደደ በኋላ ነው። (የሀደሮ ዝንጅብል በዚህ አንቀጽ አይሸፈንም። አንወደውም።)

አንቀጽ 9፦ ስለ ጎልማሳ ድመት

አይጥ መያዟ በሰፈር የተመሰከረላት፣ ዓመት ያለፋት ድመት ወደ ቤት ማስገባት ፍጹም ክልክል ነው። ደግነቱ ሰዉ ራሱ «ትልቅ ድመት አትለምድም፣ ወደ ድሮ ቤቷ ትመለሳለች» ብሎ ስለሚያምን ሥራችን ቀሏል። እውነቱ ግን ሌላ ነው፦ ለጥቂት ሳምንታት በር ተዘግቶባት፣ እየበላች፣ አሸዋ ተደርጎላት ከቆየች ቤቱን ቤቴ ትላለች። ስለዚህ በጆንያ አምጥታችሁ በዚያው ዕለት በሩን ወለል አድርጋችሁ ክፈቱላት። ስትሄድ «አላልኳችሁም?» በሉ።

አንቀጽ 10፦ ስለ መርዝ

በየገበያው የሚሸጠውን የአይጥ መርዝ በተመለከተ ምክር ቤቱ የተከፋፈለ አቋም ይዟል። ወገኖቻችንን ይፈጃል። ነገር ግን መርዝ የበላን አይጥ ድመት ስትበላው፣ መርዙ እሷንም ሊገድላት ይችላል። እኛ በሦስት ሳምንት አርግዘን እንወልዳለን፤ ድመት ከሁለት ወር በላይ ትፈልጋለች። ሒሳቡን ለሰው ትተናል።

አንቀጽ 11፦ ስለ ስደት

በ1860 ዓ.ም. ከመቅደላ ዘመቻ በኋላ ዙላ የተባለች ድመት ወደ እንግሊዝ ተወስዳለች ይባላል፤ የአቢሲኒያ ድመት የሚባለው ዝርያም ከእሷ እንደመጣ ሲነገር ኖሯል። የዘር ምርመራ ዝርያውን ወደ ሕንድ ውቅያኖስ ዳርቻዎች ቢያዞረውም፣ ምክር ቤቱ ድመትን ከአገር የማስወጣቱን አሠራር ይደግፋል። ሌሎቹንም ይውሰዷቸው።

አንቀጽ 12፦ የተሻሩና የጸኑ

ሀ. «ድመት መንኩሳ አመሏን አትረሳ» የሚለው ተረት ተሽሯል። አመሏን ሳትማር የተወሰደች ድመት ምኑን ትረሳለች?

ለ. ከአያቶቻችን ዘመን ጀምሮ ከስብሰባ ስብሰባ ሲንከባለል የኖረው በድመት አንገት ላይ ቃጭል የማሰር ፕሮጀክት በአሳሪ እጦት ተሰርዟል። በጀቱ ለበዓል ዝግጅት ይዛወር።

ሐ. አይጥ በፍርድ ቤት ድንቢጥን በምስክርነት ማቅረቧን የሚመለከተው ነባር ልማድ እንደጸና ይቆያል።

አንቀጽ 13፦ አዋጁ የሚጸናበት ጊዜ

ይህ አዋጅ የጎረቤት ድመት ከወለደችበት ሰዓት ጀምሮ የጸና ይሆናል።

የሆሳዕናና አካባቢዋ ከተሞች አይጦች ምክር ቤት

ለሰው ልጆች የተላለፈ ልዩ ጥሪ፦ ሰፈራችሁ ውስጥ ድመት ከወለደች ነገ ዛሬ ሳትሉ ካርቶናችሁን ይዛችሁ ሂዱ። ሁለት ሦስት ወር ከታገሣችሁ ግልገሏ ድመት ትሆንባችኋለች።