የልጅን የመጀመሪያ በረራ ማበላሸት ለሚሻ ወላጅ የቀረበ መመሪያ

ከጅማ እስከ አዲስ አበባ ያለው የመኪና መንገድ 350 ኪሎ ሜትር ገደማ የሚረዝምና የጊቤን በረሃ ወርዶ መውጣትን የሚጠይቅ በመሆኑ፣ ልጅን ለማንገላታት ሰፊ ጊዜ ይሰጣል፤ ከአባ ጅፋር አውሮፕላን ማረፊያ የሚነሣ ወላጅ ግን ይህንኑ ውጤት አንድ ሰዓት ገደማ በሚፈጅ በረራ ውስጥ ማግኘት ስላለበት፣ ዝግጅቱን ቀደም ብሎ በቤቱ መጀመር ይኖርበታል። የሚከተለው መመሪያ ልጁ አውሮፕላንን ዕድሜ ልኩን እንዲፈራ ለሚመኝ ወላጅ የተዘጋጀ ሲሆን፣ የብዙዎች አያያዝ ሲታይ ይህ ምኞት ከጅማ አልፎ በአጋሮም በሊሙ ገነትም ተስፋፍቷል።

ዋናው መሣሪያ ማስፈራራት ነው። ጅቡ፣ ፖሊሱና መርፌ የሚወጋው ሐኪም ብዙ ስላገለገሉና ጉልበታቸው ስለደከመ አሁን ፓይለቱን መጨመር ያስፈልጋል፤ «ዝም ካላልክ ፓይለቱ በመስኮት ይወረውርሃል» የሚለው ቃል ልጁ እራት አልበላም ባለ ቁጥር ቢደጋገምለት፣ በበረራው ዕለት የደንብ ልብስ የለበሰ ሰው ሲያይ የሚያሰማው ጩኸት የልፋቱ ዋጋ ይሆናል። ቀጥሎም ቡና ተፈልቶ አቦሉ ተጠጥቶ ቶናው እስኪቀዳ ባለው ጊዜ፣ ጎረቤት ሁሉ የሰማውን የአውሮፕላን አደጋ በየተራ እንዲያወራ ይደረጋል፤ ልጁ ቆሎውን በእፍኙ ይዞ ከእናቱ ጉልበት ሥር ቢያዳምጥም «ሕፃን ምን ያውቃል» ተብሎ ወሬው ይቀጥላል። ሕፃን ግን ያውቃል! የሚባለውን ሁሉ ባይረዳ እንኳ የእናቱን ፊት ያነባል፣ ሌሊትም ብቻውን ሲያወጣና ሲያወርድ ያድራል፤ ይህን የሚያደርስበት ጎልማሳ ሊያፍር ይገባል። የኢትዮጵያ አየር መንገድ እ.ኤ.አ. በ1946 መብረር ሲጀምር ጅማ ከመጀመሪያዎቹ የአገር ውስጥ መዳረሻዎቹ አንዷ ነበረች፤ ተሳፋሪዎች ጭነቱን መሐል አድርገው በአውሮፕላኑ ግራና ቀኝ በተዘረጋ አግዳሚ ላይ ይቀመጡበት ከነበረው ከዚያ ዘመን ወዲህ አውሮፕላን ለከተማዋ ብርቅ አይደለምና፣ ልጁን የሚያስፈራው አውሮፕላኑ ሳይሆን ስለ አውሮፕላኑ የሚያወራለት ሰው ነው። ወደ መመሪያው ስንመለስ፣ የስንብቱ ዕለት ዘመድ በሙሉ በሚኒባስ ተጭኖ እስከ ማረፊያው ደጃፍ ይሸኛል፣ አያትም ልጁን አንገቱ ሥር እየሳመች «ዳግመኛ አይህ ይሆን?» ብላ ታለቅሳለች።

ሁለተኛው መሣሪያ ዝምታ ነው። ለልጁ ሊነገረው የሚገባው ነገር ከአምስት ደቂቃ በላይ ስለማይፈጅ፣ ወላጁ አምልጦት እንዳይናገረው መጠንቀቅ አለበት። የዝምታ ፍሬ በግልጽ የሚታየው በመፈተሻው ማሽን ፊት ነው፤ ይህ የዕቃን ውስጥ በጨረር የሚያሳይ መሣሪያ በአፉ ላይ ጥቁር የላስቲክ መጋረጃ ስላለው፣ ልጁ አሻንጉሊቷ ያለችበትን አዲስ የጀርባ ቦርሳ አስቀምጥ ሲባል ያስቀምጥና መጋረጃው ሲውጠው ለዘላለም የተወሰደበት መስሎት መሬት ላይ ተንጋሎ ያለቅሳል፤ ሰልፉ ይቆማል፣ ፈታሿ ታባብላለች፣ አባትም ሰው አየኝ ብሎ ልጁን ይቆነጥጣል። «በዚያ በኩል ይወጣል» የሚሉ ሦስት ቃላት ቀድመው ቢነገሩ ኖሮ ልጁ በወዲያኛው ጫፍ ቆሞ ቦርሳውን በጉጉት በጠበቀ ነበር። ስለ ሞተሩ ድምፅም እንዲሁ ምንም አይነገረውም፤ በጅማ መስመር የሚመላለሱት ኪው 400 አውሮፕላኖች ተርቦፕሮፕ ማለትም በተርባይን ሞተር ጉልበት የሚሽከረከር ፕሮፔለር ያላቸው በመሆናቸው፣ በእያንዳንዱ ሞተር ላይ ስድስቱ ምላሶች መዞር ሲጀምሩ የሚሰማው ጩኸት ላልተዘጋጀ ልጅ በቂ ድንጋጤ ነው።

የጆሮ ሕመም በቸልታ ብቻ የሚገኝ ስለሆነ የተለየ ትኩረት ይሻል። አውሮፕላን ወደ ላይ ሲወጣ በተሳፋሪው ክፍል ውስጥ ያለው የአየር ግፊት ይቀንሳል፣ ሲወርድ ደግሞ ይጨምራል፤ የመካከለኛውን ጆሮ ከጉሮሮ ጋር የሚያገናኘውና ኡስታኪያን ቱቦ የሚባለው ቀጭን መተላለፊያ ይህን ለውጥ የሚያስተካክለው ሰው ሲውጥ ወይም ሲያዛጋ ተከፍቶ ነው። በልጆች ዘንድ ይህ ቱቦ ጠባብና አግድም የተኛ በመሆኑ በተለይ በመውረጃው ሰዓት ቶሎ አይከፈትም። ስለዚህ ማሳመም የሚፈልግ ወላጅ አውሮፕላኑ መውረድ ሲጀምር ልጁን አይቀሰቅስም፣ ጡት አያጠባም፣ የወተቱን ጡጦና ዳቦ ቆሎውንም ከራስ በላይ ባለው የዕቃ ሣጥን ውስጥ ቆልፎ ያስቀምጣል። አንድ ጉንጭ ውኃ ሊያቃልለው የሚችል ሥቃይ ነው፤ ልጁ ጆሮውን ይዞ ሲጮኽ «ምን ሆንክ? ዝም በል!» ማለት በየበረራው የሚሰማ ነው።

ስለ አለባበስና ምግብ ብዙ ማለት አያስፈልግም። አንድ ቁጥር የሚያንስ የበዓል ጫማና፣ ከመነሣቱ በፊት በማርና በቅቤ የራሰ አንድ ሳህን ጨጨብሳ የሚጠበቅባቸውን ያደርጋሉ፤ የማስመለሻው ከረጢት በወንበሩ ኪስ ውስጥ እንዳለም ለማንም አይነገርም።

ስልክ የያዘውን አባት ግን በዝምታ ማለፍ አይቻልም። እርሱ ልጁን መሰላሉ ላይ አቁሞ ከኋላ ያለውን ሰው ሁሉ እያገደ ይቀርጻል፣ የፈራውን ልጅ «ሳቅ በል» እያለ ያስገድዳል፣ ከገባ በኋላም የመስኮቱን ወንበር ራሱ ይይዛል። ዝናቡ አባርቶ ሰማይ በሚጠራበት በጥቅምት ወር በጥላ ዛፎች የተሸፈነው የቡና ምድር ከታች አረንጓዴ ሆኖ ሲዘረጋ፣ ቀጥሎም የጊቤ ሸለቆ ሲገለጥ፣ ልጁ የሚያየው የአባቱን ክርን ነው። ወደ ውጭ ያየ ልጅ ፍርሃቱን ይረሳልና፣ ይህ ዘዴ ለዓላማው እጅግ ተስማሚ ነው።

በመጨረሻም ልጁ እንዲተኛ ከመድኃኒት ቤት የተገዛ የጉንፋን ወይም የአለርጂ ሽሮፕ የሚያጠጡ አሉ። ይህ በመመሪያው ውስጥ አይገባም። ሽሮፑ አንዳንዱን ልጅ ከማስተኛት ይልቅ ያቅበጠብጠዋል፣ የጨቅላን ትንፋሽ ደግሞ ሊያዳክም ይችላል፤ ሐኪም ሳያዝ ለልጅ ማስተኛ መስጠት በደል ነውና የሚያደርገው ወላጅ ዛሬውኑ ይተው።

የቀረው ቀላል ነው። ቦሌ ላይ አበባ ይዘው በሚጠብቁት ዘመዶች ፊት ልጁ መንገዱን ሙሉ እንዳለቀሰ በዝርዝር ይተረካል፣ «ፈሪ» የሚል ስምም ይወጣለታል፤ የመልሱም ጉዞ በአውሮፕላን መሆኑ የሚነገረው ከሳምንት በኋላ፣ ዕቃው ታክሲ ላይ ከተጫነ በኋላ ነው።